ወታደሩን ያሳቀ ካርቱን ሁሉ የዊኪፒዲያ ገጽ ይገባዋል?

አንድ ወታደር ካምፕ ውስጥ ሆኖ ካርቱን ይስላል። በሳጅኑ ይቀልዳል፣ የካምፑን ምግብ ያማል፣ ማለቂያ በሌለው የአለቆች ስብሰባ ይሳለቃል። ስዕሉ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ጓደኞቹ ይወዱታል፣ የጦሩ ጋዜጣም ማውጣት ይጀምራል። ከዚያ አንዱ አድናቂ ይነሳና ዊኪፒዲያ ላይ ገጽ ይከፍትለታል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አርታኢ ይመጣና ገጹ አናት ላይ እንዲሰረዝ ሐሳብ መቅረቡን የሚገልጽ ሳጥን ይለጥፋል። ጭቅጭቁ ይጀመራል።

አድናቂው «ይህን ሁሉ ወታደር ያሳቀ ነገር እንዴት ይሰረዛል?» ይላል። አርታኢው «ምንጭ አምጣ» ይላል። አድናቂው ካርቱኑ የወጣበትን ጋዜጣ ያመጣል። አርታኢው «ይሄማ አይቆጠርም» ይላል። በዚህ መሃል አድናቂው በሽቆ «እናንተ ሰዎች ቀልድ አይገባችሁም» ብሎ ይወጣል።

እንዲህ ያለው ክርክር የሚመረው ሁለቱ ሰዎች ስለተለያየ ነገር ስለሚያወሩ ነው። አድናቂው ስለ ካርቱኑ ያወራል፤ አርታኢው ስለ ካርቱኑ ስለተጻፈው። የወታደር ካርቱን ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከሌላው ኮሚክ ይበልጥ ይጠላለፋል። ለምን እንደሆነ እናያለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጥራት አይደለም

ብዙ ሰው የገጽ መሰረዝን እንደ ፍርድ ነው የሚያየው። «ሥራህ አይረባም» የተባለ ይመስለዋል። በጣም የሚያስቅና በጥሩ እጅ የተሳለ ካርቱን ግን ገጽ ላይኖረው ይችላል። ምኑም የማያስቅ ደግሞ ሊኖረው ይችላል። አርታኢዎቹ የካርቱን ዳኞች አይደሉም፤ እንዲሆኑም አይፈለግም።

የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ደንብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ጉዳይ ከራሱ ነጻ በሆኑና በሚታመኑ ምንጮች በቂ ሽፋን ካገኘ፣ የራሱ ገጽ ይገባዋል ተብሎ ይገመታል። «ይገመታል» ነው የሚለው። መስፈርቱን ቢያሟላም አርታኢዎቹ ተነጋግረው ሌላ ገጽ ውስጥ ቢገባ ይሻላል ሊሉ ይችላሉ። ይህችን ቃል የሚዘልላት ብዙ ነው።

ደንቡ ለምን እንዲህ ጠበቀ? ዊኪፒዲያ በ2001 ሲጀመር ማንም ገብቶ እንዲጽፍበት ሆኖ ነው የተጀመረው። ጸሐፊው ፕሮፌሰር ይሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንባቢው አያውቅም። ስለዚህ ገጹ የሚታመነው በጸሐፊው ስም ሳይሆን ከግርጌው በተጠቀሱት ምንጮች ነው። ምንጭ ከሌለ ስለ ካርቱኑ የሚጻፈው ከየት ይመጣል? ወይ ከአድናቂው ትዝታ፣ ወይ ካርቱኒስቱ ስለ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ካሰፈረው። የመጀመሪያው አይጣራም፤ ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው።

«በቂ ሽፋን» ሲባል አንድ ሰው ስለ ካርቱኑ ብሎ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ስለ አንድ ጡረተኛ ወታደር በወጣ ዜና ውስጥ «በትርፍ ጊዜው ካርቱን ይስል ነበር» የሚል መስመር ቢገኝ አይበቃም። ከዚያች መስመር ምን ገጽ ይወጣል? «የሚታመን ምንጭ» ደግሞ አርታኢ ያለው፣ ሲሳሳት ማረሚያ የሚያወጣ ኅትመት ነው። የፌስቡክ ገጽ የፈለገውን ያህል ተከታይ ቢኖረው እዚህ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛው «ነጻ» የሚለው ነው። የወታደር ካርቱን የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ራሱ አሳታሚ፣ ራሱ ምስክር

ተራ ካርቱን ቀላል ነው። አንድ ጋዜጣ ያወጣዋል፣ ሌላ ጋዜጣ ይተቸዋል፣ ሌላው ካርቱኒስቱን ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። የወታደር ካርቱን ግን ብዙ ጊዜ ከአጥሩ አይወጣም። የሚሳለው ጦሩ ውስጥ ነው። የሚታተመው በጦሩ ጋዜጣ ነው። የሚያነበው የጦሩ ሰው ነው። ሽልማት ቢያገኝ እንኳ ሸላሚው ያው ጦሩ ነው። ታዲያ ስለ እሱ ከውጭ ሆኖ የመሰከረው ማን ነው?

አሜሪካን ብንወስድ ወታደር የሚያነባቸው ጋዜጦች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የካምፕ ጋዜጣ አለ፤ የሚዘጋጀው በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፣ የሚናገረውም አዛዡ እንዲነገር የሚፈልገውን ነው። ስለ ካምፑ ካርቱኒስት «የክፍላችን ኩራት» የሚል ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ቢያወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሠራተኛው ጥሩ ተናገረ ከማለት አያልፍም። ለገጽ መብቂያነት የሚያገለግል አይሆንም።

ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ግን ሌላ ነው። በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ያለ፣ ከገንዘቡም ከፊሉን ከዚያ የሚያገኝ ጋዜጣ ነው። የአርትዖት ነጻነቱ ግን በኮንግረስ ጥበቃ ያለው ነው፤ አለቆችን የሚያስቆጣ ዜና ሲያወጣም ኖሯል። ስለዚህ እሱ ላይ የወጣን ጽሑፍ «የጦሩ ነው» ብሎ በጅምላ መጣል ልክ አይመስለኝም። አርሚ ታይምስና ማሪን ኮርፕስ ታይምስ ደግሞ ስማቸው የጦር ክፍል ይመስላል እንጂ የግል ኩባንያ ጋዜጦች ናቸው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚፈርድ አርታኢ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ግን ሌላ ቋጠሮ አለ። አንድ ጋዜጣ ከጦሩ ፍጹም ነጻ ቢሆን እንኳ፣ ራሱ ከሚያወጣው ካርቱን ነጻ አይደለም። ማሪን ኮርፕስ ታይምስ ራሱ ስለሚያትመው ካርቱን «ይህን ድንቅ ሥራ አንብቡ» ቢል ዕቃውን እያስተዋወቀ ነው። ያው ጋዜጣ ስለማያትመው ካርቱን ቢጽፍ ግን ጥሩ ምንጭ ነው። አንድ ጋዜጣ ለአንዱ ካርቱን ምስክር፣ ለሌላው ባለጉዳይ ይሆናል ማለት ነው። ክርክር ውስጥ በጣም የሚያደናግረው ነጥብ ይሄ ነው። «ትናንት ለሌላ ገጽ የተቀበላችሁትን ምንጭ ዛሬ ለምን አትቀበሉም?» የሚል ቁጣ ሁሌም ይነሳል። መልሱ ምንጩ ስለ ማን እንደተናገረ ላይ ነው ያለው።

የአንባቢ ብዛትስ? ሚልተን ካኒፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ሜል ኮል» የሚል ካርቱን ለካምፕ ጋዜጦች ብቻ በነጻ ይስል ነበር። ከ1943 እስከ 1946 ቆየ። ሲደምቅ 3,000 ገደማ የጦር ጋዜጦች ያወጡት ነበር። ትልቅ ቁጥር ነው። ገጽ የሚያሰጠው ግን ቁጥሩ አይደለም። ካኒፍ ከዚያ በፊት በ«ቴሪ ኤንድ ዘ ፓይረትስ» ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ የኮሚክ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም ስለ ሥራው ብዙ ጽፈዋል። ወረቀቶቹ ሳይቀሩ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የካርቱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል። የአንባቢ ቁጥር ጥቅሙ «ፈልጉ፣ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይሆናል» ብሎ መጠቆሙ ነው። በምንጭ ቦታ አይገባም። ለወታደር በነጻ የሚታደል ጋዜጣ ላይ መውጣት ደግሞ አንባቢው ፈልጎ ገዛው ማለት አይደለም።

የተቆጣ ጄኔራል ጥሩ ምንጭ ነው

የወታደር ካርቱኖችን ታሪክ ሳይ አንድ ነገር ይገርመኛል። ብዙ የተጻፈላቸው አለቆችን ያስቆጡት ናቸው።

ቢል ሞልዲንን እንይ። የ45ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር። ጣሊያን ውስጥ ከእግረኛው ጋር እየዋለ «ዊሊ እና ጆ» የሚባሉ ሁለት የደከሙ ወታደሮችን ለስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ይስል ነበር። ጢማቸው ያደገ፣ ልብሳቸው የጨቀየ፣ ዓይናቸው የጎደጎደ ነው። ከካርቱኖቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ ዝናብ ይዘንባል። አንድ ወታደር ጠመንጃውን ይዞ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ በጭቃ ውስጥ እየተጎተተ ምርኮኞችን ይነዳል። ከሥር ያለው ጽሑፍ ደግሞ የጋዜጣ ዜና ይመስላል፦ በድል የሰከሩ፣ ትኩስ ጉልበት ያላቸው የአሜሪካ ወታደሮች የተራቡና የተቦጫጨቁ እስረኞችን እያስገቡ ነው ይላል። ስዕሉን ስታየው አሸናፊውና ተሸናፊው በድካም አይለያዩም። ቀልዱ ያለው እዚያው ነው፤ ዜናው አንድ ነገር ይላል፣ ጭቃው ሌላ።

ጄኔራል ጆርጅ ፓተን ይህን አልወደዱትም። ወታደር ተላጭቶ፣ ልብሱን አስተካክሎ መታየት አለበት ባይ ነበሩ። የሞልዲን ካርቱን ካልቀረ ጋዜጣው የሳቸው ሦስተኛ ጦር ውስጥ እንዳይታደል አደርጋለሁ ብለው ዛቱ። በ1945 ሞልዲንን ራሳቸው አስጠርተው ተቆጡት። አንድ ሳጅን ባለአራት ኮከብ ለመሆን ጥቂት ሳምንት በቀረው ጄኔራል ፊት ቆሞ ስለ ካርቱን ሲወቀስ ይታያችሁ። ሞልዲን አልተለወጠም፤ ከበላይ ያሉት የዋናው አዛዥ የጄኔራል አይዘንሃወር ሰዎችም አልከለከሉትም። በዚያው ዓመት የፑሊትዘርን የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘ፤ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ካርቱኖቹ መጽሐፍ ሆነው በብዛት ተሸጡ። ዊሊም የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ይህን ሁሉ በዊኪፒዲያ ዓይን እንየው። ካርቱኑ የወጣው በጦሩ ጋዜጣ ነው፤ ያ ብቻውን ምንም አያደርግለትም ነበር። ግን ሽልማቱ ከጦሩ ውጭ ነው። ታይም ከጦሩ ውጭ ነው። ከፓተን ጋር የነበረው ጸብ ደግሞ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል፤ የፓተንን ሕይወት የሚጽፉ ሰዎች ስለ ካርቱን ግድ ባይኖራቸውም ይጠቅሱታል። ካርቱኑን ለማሞገስ ያልተነሳ ሰው ስለ ካርቱኑ ሲጽፍ ያ ምንጭ ከአሥር አድናቂ ይበልጣል።

«ቢትል ቤይሊ» ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሞርት ዎከር በ1950 ሲጀምረው ስለ አንድ ሰነፍ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ የያዙት 12 ጋዜጦች ብቻ ናቸው። በ1951፣ የኮሪያ ጦርነት መሃል፣ ዎከር ልጁን ወታደር አደረገው። ኮፍያው ዓይኑን የሸፈነ፣ ሥራ ሲሸሽ የሚኖር፣ ሳጅን ስኖርከል የሚያሯሩጠው ተራ ወታደር ሆነ። በ1954 የስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ የቶኪዮ እትም «መኮንኖችን ያስንቃል» ብሎ ካርቱኑን ማተም አቆመ። ጉድ ፈላ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የሲቪል ጋዜጦች ነገሩን አነሱት፣ ሳቁበት፣ ካርቱኑን የሚፈልገውም በዛ። በ1970 ሌተና ፍላፕ የሚባል ጥቁር መኮንን ሲገባበት እንደገና ውዝግብ ተነሳ፣ እንደገናም ተጻፈ። ዎከር በ2018 ሲሞት ደግሞ ዓለም አቀፍ ጋዜጦች ስለ ሕይወቱና ስለ ካርቱኑ በሰፊው ጻፉ። ለቢትል ቤይሊ ገጽ ይገባዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካርቱኑ ስለ ጦር ነው እንጂ የጦሩ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም የሲቪል ጋዜጣ ልጅ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሩስ ቤርንስፋዘር «ኦልድ ቢል» እንዲሁ ነው። ቤርንስፋዘር የብሪታንያ መኮንን ነበር፤ ሥራው ግን ባይስታንደር በሚባል የሲቪል መጽሔት ላይ ስለወጣ ከምሽግ አልፎ ቲያትርና ፊልም ድረስ ደረሰ። የጆርጅ ቤከር «ሳድ ሳክ» በ1942 ያንክ በሚባለው የጦሩ መጽሔት ላይ ጀመረ፤ ቃል የሌለው፣ ዕድለ ቢስ ወታደር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሲቪል ጋዜጣ፣ ወደ ኮሚክ መጽሔትና ወደ ፊልም ተሻገረ። አጥሩን ተሻግሯል፤ እዚህ ጋ ክርክር አያስፈልግም።

መሃል ላይ ያሉት

የሚያስቸግሩት እንደ ሞልዲን ያሉት አይደሉም። ምንም የሌላቸውም አያስቸግሩም። መሃል ላይ ያሉት ናቸው ራስ የሚያዞሩት።

አንድ ምናባዊ ካርቱን እንውሰድ። ለጥቂት ዓመታት በአንድ የካምፕ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ካርቱኒስቱ በራሱ ገንዘብ ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጎታል። የጦሩ ሕዝብ ግንኙነት ያዘጋጀው ውድድር ላይ ተሸልሟል። አንድ ፖድካስት ላይ ቀርቧል፤ አቅራቢው የቀድሞ የክፍሉ ሰው ነው። የትውልድ ከተማው ጋዜጣ ስለ እሱ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አውጥቷል። ይህ ሰው ገጽ ይገባዋል?

በራስ ገንዘብ የታተመ መጽሐፍ ስለ ካርቱኑ የሌላ ሰው ምስክርነት አይሆንም። የጦሩ ሽልማት ከውስጥ ነው፤ ተሳትፎው ይጠቀሳል እንጂ ክብደቱ ትንሽ ነው። ፖድካስቱ ቃለ መጠይቅ ነው፣ አብዛኛው ካርቱኒስቱ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ አቅራቢውም ወዳጅ ነው። የሚቀረው የከተማው ጋዜጣ ነው። እሱ እውነተኛ ምንጭ ነው፤ «የአካባቢ ጋዜጣ ነው» ተብሎ መናቅ የለበትም። ግን አንድ ነው። ደንቡ ቁጥር አይቆርጥም፤ በልምድ ግን አርታኢዎች ቢያንስ ሁለት ሦስት ይጠይቃሉ። ደግሞ ጽሑፉን በደንብ ካነበባችሁት ስለ ሰውየው ነው እንጂ ስለ ካርቱኑ አይደለም። የት ተወለደ፣ መቼ ዘመተ፣ ስንት ልጅ አለው። ስለ ካርቱኑ ያለው ሁለት አንቀጽ ይሆናል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለዚህ ካርቱን የራሱ ገጽ አልሰጠውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ። ዝና ከሰው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ሰው አይወረስም። ታዋቂ ሰው የሳለው ሁሉ ገጽ አያገኝም። ዊል አይዝነር የአሜሪካ ኮሚክ ትልቅ ስም ነው። ከ1951 እስከ 1971 ፒ ኤስ የሚባለውን የአሜሪካ ጦር የጥገና መጽሔት ስዕል ይመራ ነበር። ወታደር ተሽከርካሪውንና መሣሪያውን እንዴት እንደሚንከባከብ በኮሚክ የሚያስተምር መጽሔት ነበር። ጆ ዶፕ የሚባል ዝርክርክ ወታደር ነበረው፤ ዕቃ ሲያበላሽ እያያችሁ እናንተ እንዳታበላሹ ትማራላችሁ። ጆ ዶፕ የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል? እኔ አይመስለኝም። አንባቢው ስለ እሱ ማወቅ ያለበት ሁሉ ከመጽሔቱና ከአይዝነር ታሪክ ጋር አብሮ ሲነበብ ነው ትርጉም የሚሰጠው። ብቻውን ቢቆም የተቆረጠ ነገር ይሆናል።

ሰባቱ ቀን

የስረዛ ክርክር በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ማንም ገብቶ መናገር ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ድምጽ መስጫ ሲመስለው ነው። የካርቱኑ አድናቂዎች ፌስቡክ ላይ ተጠራርተው፣ አዲስ አካውንት ከፍተው፣ «ይቆይ! ይቆይ!» ብለው ይጎርፋሉ። ወታደር ሲሆን ደግሞ መተባበሩን ያውቅበታል። ግን መጨረሻ ላይ የሚዘጋው አስተዳዳሪ እጅ አይቆጥርም፤ የክርክሩን ክብደት ነው የሚያየው። ሃምሳ «እወደዋለሁ» የአንድ የጋዜጣ ትችት ያህል አይመዝንም። እንዲያውም ጎርፉ ጉዳት አለው፤ መሃል ላይ አንድ ሰው ያመጣው ጥሩ ምንጭ በጩኸቱ ይዋጣል።

ሒደቱ ቅዱስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ2006 እና በ2007 አካባቢ በኢንተርኔት የሚወጡ በርካታ ኮሚኮች ገጻቸው ተሰርዞ ካርቱኒስቶቹ ክፉኛ ተቆጥተው ነበር። አንዱማ ሒደቱ ምን ያህል ልል እንደሆነ ለማሳየት የራሱን ኮሚክ ለስረዛ እስከማቅረብ ደርሷል። ካርቱኒስቶቹ ያነሱት ቅሬታ ውስጥ እውነት ነበረበት፦ ስለ ኢንተርኔት ኮሚክ የሚጽፍ ጋዜጣ ያኔ እጅግ ጥቂት ነበር፣ አንዳንዱ አርታኢም ሳይፈልግ ነው «ምንጭ የለም» የሚለው። ደንቡ ራሱ ለስረዛ ከማቅረብህ በፊት ፈልግ ይላል። ጉግል ላይ አንድ ጊዜ ጽፎ መዝጋት ፍለጋ አይባልም። በተለይ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ የጦር ካርቱን ምንጩ ያለው የድሮ ጋዜጣ ክምችት ውስጥና የኮሚክ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሌለ ምንጭ ይቆጠራል። በሌላ ቋንቋ የተጻፈም ይቆጠራል።

አማራጩም ሁለት ብቻ አይደለም። መቆየትና መሰረዝ መሃል ላይ ሰፊ ቦታ አለ። ይዘቱ አጥሮ ካርቱኒስቱ ገጽ ውስጥ ወይም ካርቱኑ የወጣበት ጋዜጣ ገጽ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የካርቱኑን ስም የሚፈልግ ሰው በቀጥታ ወደዚያ እንዲወሰድ ማድረግ ይቻላል። ወይም ገጹ ወደ ረቂቅነት ተመልሶ ምንጭ እስኪገኝ ይጠብቃል። ለአብዛኛው የወታደር ካርቱን ትክክለኛው መልስ ከነዚህ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። አድናቂዎች «ተቀላቀለ» ሲባሉ እንደ ሽንፈት ያዩታል። ግን ሦስት መስመር ካላት፣ ማንም ከማይጎበኛት ብቸኛ ገጽ ይልቅ፣ ብዙ ሰው በሚያነበው ገጽ ውስጥ ያለ አንድ ጥሩ አንቀጽ አይሻልም?

አጥሩ የማን ጥፋት ነው?

አንድ ከባድ ቅሬታ ግን አለ፣ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የወታደር ቀልድ የሚኖረው ጋዜጠኛ በማይገባበት ቦታ ነው። አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ለውጭ ጋዜጠኛ እንደፈለገ አያወራም። ጦሩ የማይወደው ካርቱን በስውር ነው የሚዞረው። የማይጻፍለት ስለማይረባ ሳይሆን ስለተደበቀ ነው። ምንጭ የሚጠይቅ ደንብ እንዲህ ላለው ካርቱን ሳያስበው ይጨክናል። የፕሬስ ነጻነት ባለበት አገር ያለ ወታደር ካርቱኑ ሲታገድ ዜና ይሆናል፤ በሌለበት አገር ሲታገድ ይጠፋል።

ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ደንቡን ማላላት ችግሩን አይፈታውም። ስለተደበቀ ካርቱን ማንም ያልጻፈው ነገር ዊኪፒዲያ ላይ ቢወጣ አንባቢው እውነት ይሁን ፈጠራ የሚለይበት መንገድ የለውም። ይህን መጻፍ የጋዜጠኛና የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ ከነሱ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ቀድሞ መሄድ አይችልም። እያንዳንዱ የቋንቋ ዊኪፒዲያ ደግሞ የራሱን ደንብ ያወጣል። እንግሊዝኛው ላይ የተሰረዘ ሌላ ቋንቋ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ በአንዱ የተወሰነው ሌላውን አያስገድድም።

ጊዜም ነገር ይለውጣል። ማክሲሚሊያን ኡሪያርቴ የተባለ የአሜሪካ ማሪን (የባሕር እግረኛ ወታደር) በጥር 2010፣ ገና አገልግሎት ላይ እያለ፣ «ተርሚናል ላንስ» የሚል ካርቱን ኢንተርኔት ላይ ጀመረ። ኢራቅ ሁለት ጊዜ ዘምቷል። ካርቱኑ ስለ ዝቅተኛው ማሪን ነው፤ ወለል ስለሚወለውል፣ ሰልፍ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ምክንያቱ ባልገባው ትእዛዝ ስለሚንገላታ። በመጀመሪያው ወር ገጽ ቢከፈትለት ኖሮ መሰረዙ ተገቢ ነበር፤ ከማሪኖች ውጭ የሚያውቀው ማን ነበር? ከዚያ ማሪን ኮርፕስ ታይምስ ወሰደው፤ ይህም እንዳየነው አሳታሚው እንጂ ምስክሩ አይደለም። በኋላ ካርቱኑ ላይ ያሉትን ሰዎች ይዞ «ዘ ዋይት ዶንኪ» የሚል ረጅም የስዕል ልብ ወለድ ሠራ። መጀመሪያ በራሱ ነበር ያሳተመው፣ ከአንባቢ ገንዘብ አሰባስቦ። በ2016 ግን ሊትል ብራውን የተባለው ትልቅ አሳታሚ አወጣው፤ ከጦሩ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ጋዜጦችም ስለ እሱ ጻፉ። ካርቱኑ ከ2010 እስከ 2016 ያን ያህል የተሻለ አስቂኝ አልሆነም ይሆናል። ስለ እሱ የተጻፈው ግን በዝቷል።

ስለዚህ ገጹ የተሰረዘበት ሰው አስተዳዳሪው ላይ ከመጮህ ይልቅ ማድረግ የሚችለው አለ። የተሰረዘ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዊኪፒዲያ ጨርሶ አይጠፋም፤ አስተዳዳሪዎች ያዩታል። ገጹን የዘጋውን አስተዳዳሪ በጨዋ ቋንቋ «ጽሑፉን ረቂቅ አድርጉልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ይተባበራሉ። ከዚያ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ፣ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሲገኝ፣ የድሮ ጋዜጣ ክምችት ውስጥ ትችት ሲገኝ ረቂቁ ላይ እየጨመሩ መቆየት ነው። ካርቱኒስቱ ራሱ ከሆነ የሚጠይቀው፣ ማንነቱን በግልጽ ይናገርና ጽሑፉን ሌላ ሰው እንዲያስተካክለው ይተው። ረቂቁን ለግምገማ ሲያቀርብ ምርጦቹን ሁለት ሦስት ምንጮች ብቻ ይጥቀስ፤ ሃምሳ ሊንክ የሚደረድርለትን ሰው ገምጋሚው አንዱንም በደንብ አያነብለትም።